ጉግስና የወርዋሪው ሕግ

ጦርነትን ያላየ ሕዝብ የለም፤ የጦርነትን ጨዋታ ያልፈጠረም ሕዝብ እንደዚሁ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጦርነት ጨዋታ በአንድ በኩል ለወጣቱ የወታደርነት ትምህርት ቤት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኅብረተሰቡ ጉልበትን በምን ዓይነት ሕግ እንደሚገራ የሚያሳይበት አደባባይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከአገራችን የጦርነት ጨዋታዎች መካከል ከፍ ያለ ስፍራ ያለውን ፈረስ ጉግስን ሲሆን፣ በጨዋታው ውስጥም ለአንድ ሰው ድርሻ የተለየ ትኩረት እንሰጣለን። ይህ ሰው ወርዋሪው ነው።

ዘንግ ጨብጦ የሚጋልበውን የጉግስ ወርዋሪ፣ በአውሮፓ የጦር ታሪክ የእጅ ቦምብ ወርዋሪ ከነበረው ከግሬናዲየር ጋር፣ እንዲሁም ዛሬ በብዙ አገሮች ኤርሶፍት በተባለው ጨዋታ ወጣቶች ከሚይዙት የግሬናዲየር ድርሻ ጋር የሚያገናኝ አንድ ክር አለ። ክሩም ይኸው ነው፦ ከርቀት መምታት የሚችል ሰው ሥልጣኑ ከሌላው የበለጠ ስለሆነ፣ የሚታሰርበትም ሕግ ከሌላው የጠበቀ መሆን ይኖርበታል። አያቶቻችን ይህን ሕግ በመጽሐፍ ሳይሆን በሜዳ ላይ ጽፈውት እናገኛለን።

ሜዳውና ፈረሱ

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከየረር ተራራ ግርጌ በተንጣለለው የአድአ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ምድሪቱ የቱለማ ኦሮሞ አገር ስትሆን በማኛ ጤፍዋ ስሟ የታወቀ ነው። ከዋና ከተማይቱ በስተ ሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ በግጦሽ መሬቱና በፈረሰኞቹ ይታወቃል። አዲስ አበባን ከሚከቡት ከእነዚህ ሜዳዎች የወጡ ፈረሰኞች በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ የያዙት ስፍራ ቀላል አይደለም።

የጉግስን ዘመን የሚወስነው የገበሬው የሥራ ዑደት ነው። በክረምት መሬቱ ጭቃ ነው፤ ከዚያም በሰብል ይሸፈናል። ጤፉ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ከተወቃ በኋላ ግን ሜዳው ይራቆታል፤ መሬቱ ይደርቃል፤ ፈረሱም ከድካሙ ያርፋል። ገናና ጥምቀት የሚውሉት በዚህ ወቅት ስለሆነ በዓሉና ጨዋታው ተሳስረው ኖረዋል። ሠርግም የሚበዛው በዚሁ ጊዜ ነውና ሙሽራን የሚያጅቡ ፈረሰኞች ጉግስ ሳይገጥሙ መዋላቸው እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር። በአዲስ አበባ ጃንሜዳ የጥምቀትን በዓል ከሚያደምቁት ትርዒቶች አንዱ ለብዙ ዘመን የፈረስ ጉግስ ነበር።

ፈረስ በብዙ የአገራችን ክፍል የባለሹመትና የባለርስት ምልክት መሆኑ የታወቀ ነው። በብር ያጌጠ ጋሻና የተሸለመ ኮርቻ ከቤተ መንግሥት የሚሰጥ ማዕረግ እንጂ ማንም የሚገዛው ዕቃ አልነበረም። በአድአና በሱሉልታ በመሳሰሉት ሜዳዎች ግን ፈረስ የገበሬውም ሀብት ስለነበረ፣ ጉግስ የመኳንንት ትርዒት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ባለጸጋው በአጌጠ ኮርቻ፣ ገበሬውም ባለው ኮርቻ ወደ አንድ ሜዳ ይወጡ ነበር። ዘንግ ከተወረወረ በኋላ ጌጥ አይመክትም፤ የሚመክት ጋሻ ነው። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንደማይቆጣ የሚናገረው የቆየ ምሳሌ የሚገልጸው ይህንኑ መንፈስ ነው። ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ ማዕረግ ከሜዳው ዳር ይቆማል።

የጨዋታው አካሄድ

ጉግስ የሚገጥሙት ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ከአንዱ ወገን የወጣው ፈረሰኛ ሜዳውን አቋርጦ ሲሸመጥጥ ከሌላው ወገን የወጣው ይከተለዋል። አሳዳጁ በቀኝ እጁ ዘንግ ይዟል፤ ተሳዳጁ በግራ ክንዱ ጋሻ አንግቧል። ዘንጉ ረዥምና ቀጥ ያለ እንጨት ሲሆን የብረት ጫፍ የለውም። ጋሻው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻ ነው። አሳዳጁ ወደ ተሳዳጁ በቀረበ ጊዜ ዘንጉን አነጣጥሮ ይወረውራል። ተሳዳጁም ፈረሱን ሳያቆም በኮርቻው ላይ ዞሮ ወይም ጎንበስ ብሎ በጋሻው ይመክታል። የመጨረሻው ዘንግ ከእጅ በወጣ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያሳደደው ይሸሻል፤ የሸሸው ዘንግ አንሥቶ ያሳድዳል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ፈረሰኛ ለእግሩ ያለው መደገፊያ ጥቂት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የቀድሞው የአገራችን እርካብ ጠባብ ቀለበት ስለነበረ ባዶ እግሩን የሚጋልበው ሰው የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው። ስለዚህ ሚዛኑን የሚጠብቀው በጭኑና በወገቡ ኃይል ነው። ዘንግ ለመወርወር ክንዱን ወደ ኋላ ሲስብ ሰውነቱ በሙሉ ከኮርቻው ይላቀቃል፤ ወርውሮ እስኪመለስ ድረስ ያለችው ቅጽበት አደገኛ ናት። የወርዋሪው ጥበብ የሚለካው በክንዱ ብርታት ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። ርቀትን መገመት፣ የሁለቱን ፈረሶች ፍጥነት ማመዛዘን፣ ዘንጉን ያለጊዜው አለማባከን ከሁሉ ይበልጣሉ። የያዘው ዘንግ ጥቂት ነው፤ የተወረወረ ዘንግም አይመለስም። እጁ ባዶ በሆነ ጊዜ እርሱም በተራው ተሳዳጅ መሆኑን ያውቃል።

በጨዋታው መሐል የቆመውም ሕግ ከዚሁ ይመነጫል። አሳዳጅና ተሳዳጅ የሚፈራረቁ በመሆናቸው ማንም ሰው የወርዋሪነትን ሥልጣን ለዘለቄታው አይይዝም። ዛሬ በጭካኔ የወረወረ ነገ ጀርባውን ይሰጣል። በጉግስ ሜዳ የቆሰለና ከፈረስ ወድቆ የተሰበረ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ ሕይወቱን ያጣም አልታጣም። እንዲህ ያለው አደጋ ወደ ቂምና ወደ ደም እንዳያመራ የሚከላከለው ተመልካቹ ሕዝብ ነው። ተመልካቹ ዳኛ ነው። ያማረ ውርወራ በእልልታ ይቀበላል፤ ያማረ መከታም ከዚያ በማያንስ እልልታ ይወደሳል። የመከተው ሰው እንደ መታው ሰው የሚከበርበት የጦርነት ጨዋታ መሆኑ የጉግስ ታላቅነት ነው።

ከጨዋታ ወደ ጦር ሜዳ

ጉግስ የጦር ትምህርት ቤት እንደነበረ የሚያጠራጥር ነገር የለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የአገራችን ጦር ዋና ክንድ ፈረሰኛው ነበርና፣ በበዓል ቀን ዘንግ የወረወረው እጅ በዘመቻ ቀን ጦር ወርውሯል። መሪዎቹም የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ከቱለማ ኦሮሞ የተወለዱት ራስ ጎበና ዳጬ አባ ጥጉ ሲባሉ፣ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ላይ የፈረሰኛ ጦራቸው ድርሻ ወሳኝ ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ነበሩ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የኢጣልያ ጦር ሲፈታ፣ የሸሸውን ተከታትለው ከወቁት መካከል የኦሮሞ ፈረሰኞች ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። የሸሸን ጠላት በግልቢያ ተከታትሎ መምታት በጉግስ ሜዳ ከልጅነት ጀምሮ የሚለመድ ሙያ ነው። ነገር ግን አንድ ታላቅ ልዩነት መታየት አለበት። በጉግስ ተሳዳጁ ጋሻ አለው፤ ተራም ይጠብቃል። በጦርነት ግን የሚሸሸው ሰው ተራ አያገኝም። ስለዚህ ጨዋታው ለጦርነት ቢያዘጋጅም ጦርነቱን አይመስልም፤ ጦርነት የሚነፍገውን ተራና እኩልነት ጨዋታው ይሰጣልና።

የፈረሰኛው ዘመን ያበቃው ቀስ በቀስ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የሸዋ ጦር ከንጉሥ ሚካኤል ጋር በተዋጋ ጊዜ መድፍና መትረየስ ቢኖርም ፈረሰኛው ገና ክብደት ነበረው። በዚያው ዓመት የምድር ባቡር ሐዲድ በአድአ ሜዳ አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው፣ ከሰማይ የሚዘንበውን ቦምብና መርዝ የሚመክት ጋሻ እንደሌለ ተረጋገጠ።

ሮማኑና ወርዋሪው

እዚህ ላይ ወደ ውጭው ዓለም መለስ ብለን የሌላውን ወርዋሪ ታሪክ እንመልከት። በ17ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ጦሮች ባሩድ የተሞላ ትንሽ የብረት ኳስ በእጅ መወርወር ልማድ አደረጉ። ፍንጣሪው እንደ ፍሬ ስለሚበተን ኳሱን በሮማን ፍሬ ስም ጠሩት፤ ግሬናዲየር የሚለው ስያሜም ከዚሁ የመጣ ሲሆን ሮማን ወርዋሪ እንደ ማለት ነው። ፈረንሣይ በሉዊ 14ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1667፣ እንዲህ ያሉ ወታደሮችን በክፍለ ጦር ውስጥ መመደብ ጀመረች። ለሥራው የሚመረጡት ቁመተ ረዣዥሞችና ክንደ ብርቱዎች ነበሩ። ክብደት ያለውን ኳስ አርቆ መወርወር ጉልበትን ይጠይቃል፤ የሚነድ ፈትል በእጅ ይዞ ጊዜውን መጠበቅ ደግሞ የነርቭ ጽናትን ይጠይቃል።

በ18ኛው መቶ ዘመን ኳሱ ከጦር ሜዳ እየጠፋ ቢሄድም ስሙ ቀረ፤ ግሬናዲየር የምርጥ ወታደር ማዕረግ ሆነ። በአገራችን የፈረስ ስም እንዲሁ ከፈረሱ በላይ ኖሯል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው መባሉ ከራስ መኰንን የፈረስ ስም የተወረሰ ነው። ወርዋሪ ከመወርወሪያው ተለይቶም ክብሩን ይዞ መቆየቱን ሁለቱም ታሪኮች ያስረዳሉ። የእጅ ቦምብ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ወታደሩ በምሽግ ውስጥ በተቀበረ ጊዜ፣ እንደገና ወደ ጦር ሜዳ ተመለሰ።

በአገራችን የእጅ ቦምብ ከታሪክ ጋር የተያያዘበት ታላቁ ቀን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት ስፍራ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒና በባለሥልጣኖቹ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ በፍንጣሪው ክፉኛ ቆሰለ። ፋሽስቱ የወሰደው በቀል በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመ ጭፍጨፋ ነበር፤ ቀኑም እስከ ዛሬ የሰማዕታት ቀን ሆኖ ይታሰባል። የሁለቱ ወጣቶች ውርወራ ጨዋታ አልነበረም፤ ተራና መከታ በሌለበት፣ ሕግ በጉልበተኛው በተሻረበት ዘመን የተደረገ የሞት ሽረት ተግባር ነበር። ያ ቀን የሚያስታውሰን፣ የጨዋታ ሕግ የሚጸናው ሁለቱም ወገን በሰውነት እኩል መሆናቸውን ሲቀበሉ ብቻ መሆኑን ነው። ወራሪ ይህን እኩልነት አይቀበልም።

የዘመኑ ወርዋሪ

አሁን ወደ ዛሬው ጨዋታ እንምጣ። ኤርሶፍት የተወለደው በጃፓን ነው። ሕጉ ዜጋው እውነተኛ ጠመንጃ እንዳይዝ በጥብቅ የሚከለክል በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጋዝ ወይም በአየር ግፊት ትንሽ የላስቲክ ጥይት የሚተፋ የጠመንጃ አምሳል ተሠራ። ጥይቱ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ነው። ጨዋታው ከዚያ ወደ እስያ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተስፋፋ። ተጫዋቾቹ በቡድን ተከፍለው በጫካ ወይም በባዶ ሕንፃ ውስጥ ይገጥማሉ፤ በመካከላቸውም የሥራ ክፍፍል አለ። ከእነዚህ ድርሻዎች አንዱ የግሬናዲየሩ ነው።

ግሬናዲየሩ የሚይዘው ብዙ ድቡልቡሎችን በአንድ ጊዜ የሚበትን ባለ 40 ሚሊ ሜትር ቀለህ መተኮሻ፣ ወይም በእጅ የሚወረወር የቦምብ አምሳል ነው። ተግባሩ ከግድግዳ ጀርባ ወይም ከክፍል ውስጥ የመሸገውን ተጋጣሚ ማስለቀቅ ነው። ቀለሁ ጥቂት ነው፤ አንዱን ተኩሶ ሌላውን እስኪያጎርስ ጊዜ ይወስድበታል፤ በዚያች ጊዜ ጓደኞቹ ካልሸፈኑት ይመታል። ስለዚህ ብልህ ግሬናዲየር ቶሎ አይተኩስም፤ ቡድኑ በእርግጥ የሚፈልግበትን ቅጽበት ይጠብቃል። የጉግሱ ፈረሰኛ ጥቂት ዘንጎቹን ሲቆጥብ የሚያደርገው ስሌት ይኸው ነው።

የበለጠ የሚደንቀው ግን ሕጉ ነው። የተመታው ተጫዋች ልብሱ ላይ ምልክት አይቀርም፤ ዳኛም ሁልጊዜ አያየውም። መመታቱን የሚናገረው ራሱ ነው፤ እጁን አንሥቶ ከሜዳው ይወጣል። ጨዋታው በሙሉ የቆመው በተመታው ሰው ሐቀኝነት ላይ ነው። ግሬናዲየሩ ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። ከቅርብ ርቀት ወደ ፊት አይተኩስም፤ የዓይን መከለያ ያላጠለቀ ሰው ባለበት አይወረውርም። ብዙ ድቡልቡል በአንዴ የሚበትን ስለሆነ ጥንቃቄውም ብዙ መሆን አለበት።

በቱርክ የሚገኘውና ከጉግስ ጋር በቅርብ የሚመሳሰለው ጂሪት የተባለ የፈረስ ጨዋታም ከዚህ ጋር መታየት ያለበት ነው። በዚያም ፈረሰኞች እየተሳደዱ ዘንግ ይወራወራሉ። ሱልጣን ማሕሙድ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1826 አደገኛ ነው ብሎ ቢከለክለውም ጨዋታው ከሕዝቡ መካከል አልጠፋም። በዛሬው የጂሪት ደንብ ፈረስ የመታ ተጫዋች ነጥብ ይቀነስበታል። ተጋጣሚውን ከቅርብ አግኝቶ መምታት ሲችል የማረው ግን ነጥብ ያገኛል። ምሕረት በቁጥር የምትመዘገብበት ደንብ ነው። ሦስቱም ጨዋታዎች፣ ማለት ጉግስ፣ ጂሪትና ኤርሶፍት፣ ወደ አንድ ፍርድ ደርሰዋል፦ ወርዋሪው የሚመሰገነው በመታው ብቻ ሳይሆን ሊመታ ሲችል በተወውም ጭምር ነው።

የሜዳው ዕጣ

ዛሬ የዱከም ሜዳ የቀድሞው ሜዳ አይደለም። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች ከተተከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ አካባቢውን ካቋረጠ፣ አዲሱም የኤሌክትሪክ ባቡር ካለፈ ወዲህ፣ ፈረስ የሚሸመጥጥበት ወና መሬት እየጠበበ ሄዷል። ፋብሪካ ለሠራተኛው እንጀራ ነውና በዚህ የሚያዝን የለም። ሆኖም ሜዳ ሲጠፋ ከሜዳው ጋር አብሮ የሚጠፋውን ነገር በጊዜው ማወቅ ይገባል። ፈረስ ጉግስ በአዳራሽ ውስጥ አይገጠምም።

ይሁን እንጂ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ከመስቀል በኋላ በሚውለው የኢሬቻ በዓል በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ፣ ከዱከም ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ያጌጡ ፈረሰኞች ዛሬም ይታያሉ። በአማራ ክልል ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ጉግስን ጨምሮ የፈረስ ትርዒት ያሳያል። ይህ ማኅበር የሚያስተምረን ቁም ነገር አለ። ጨዋታው ከዘመን ወደ ዘመን የተላለፈው አባልነት፣ መተዳደሪያ ደንብና ቋሚ ቀን ስላለው ነው። ትርዒት ያለ ማኅበር ለፎቶግራፍ ብቻ ይቀራል።

የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ከያኒው ከዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። እስከ ዛሬ ስለ ጉግስ የተሣለውና የተነገረው በአብዛኛው የፈረሱን ውበትና የጋላቢውን ጀግንነት የሚያሳይ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሠዓሊው የተወረወረውን ዘንግ ሲሥል የመከተውንም ጋሻ ይሣል። የታሪክ መምህሩ የዓድዋን ፈረሰኛ ሲያነሣ፣ ያ ፈረሰኛ በሰላም ቀን ከጎረቤቱ ጋር በምን ደንብ ይጫወት እንደነበረ ለተማሪው ያስረዳ። በየአካባቢው ያሉ ሽማግሌዎች ማን ያስጀምር እንደነበረ፣ ምን ዓይነት ውርወራ እንደ ነውር ይቆጠር እንደነበረ፣ የተጎዳ በወደቀ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች እንዴት ይታረቁ እንደነበረ ያውቃሉ። ዘንግና ጋሻ በቤተ መዘክር ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ይህ ዕውቀት ግን ከሽማግሌው አንደበት ካልተጻፈ ሌላ መቀመጫ የለውም።

ወጣቱ ነገ በላስቲክ ጥይት ይጫወት ወይም በሌላ ባልተፈለሰፈ መሣሪያ፣ መወርወርን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ማስተማር የሚያሻው ተራ መጠበቅን፣ የተመቱትን መመታት አምኖ መቀበልን፣ መከታ ለሌለው ሰው ክንድን መሰብሰብን ነው። የአድአ ፈረሰኞች ይህን ያስተማሩበት ሜዳ ቢጠብም፣ ትምህርቱን ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ ገና አለ።